ስለ ሞተር ዘይት፤ የወፍጮን ሞተር ከጥፋት ስለ መጠበቅ



ማናቸውም መሣሪያ ለሰው ከሚሰጠው ጥቅም ጋራ ከሰው የሚሻው ግብር አለው። በሬ ሣርና ውሃ ይሻል፤ ማረሻ መሳልን ይሻል፤ ጠመንጃ መወልወልን ይሻል። ግብሩን በጊዜው የሚከፍል ሰው መሣሪያው ሲያገለግለው ይኖራል፤ ግብሩን የሚነፍግ ግን አንድ ቀን ሳያስበው ባዶ እጁን ይቀራል። በሬ ሲራብ ጎኑ ይታያል፤ ማረሻ ሲዶለዱም አራሹ በእጁ ያውቀዋል። ሞተር ግን ሥራውን በብረት ውስጥ ተሸሽጎ የሚሠራ ስለ ሆነ የተነፈገው ነገር ከውጭ አይታይም። የዛሬውም ንግግር ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም የሞተር ዘይት በጊዜው ሳይለወጥ ሲቀር በሞተር ላይ የሚደርሰው ጥፋት ምን እንደ ሆነ፥ ስለ ምን እንደሚደርስ፥ በምን ብልሃትም እንደሚከለከል ለማስረዳት ነው።

ሞተር በየስፍራው አለ፤ መኪና ያስኬዳል፥ ውሃ ከጉድጓድ ይስባል፥ መብራት ያበራል። ነገር ግን ለገጠር ሰው ከሁሉ ይልቅ የቀረበው የወፍጮ ሞተር ስለ ሆነ ነገሩ ሁሉ በእርሱ ምሳሌነት ይነገራል። ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ቀበሌ ወፍጮን የሚያዞረው ናፍጣ የሚጠጣ ሞተር ነው። የወፍጮን ጥቅም ለሽማግሌዎች መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል፤ ወፍጮ ባልነበረ ጊዜ ሴቶች ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው ተንበርክከው መጅ ሲገፉ ያነጉ እንደ ነበር የማያስታውስ የለምና። ወፍጮ በቆመ ቀን ያው ድካም ይመለሳል። እናት ወደ ድንጋዩ ትመለሳለች፤ ወይም ሴት ልጅ እህሉን በአህያ ጭና ወደ ሌላ ቀበሌ ትሄዳለች፥ ያን ቀንም በትምህርት ቤት ውስጥ ስፍራዋ ባዶ ይውላል። ስለዚህ የወፍጮ ሞተር ጉዳይ የባለ ወፍጮው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሽማግሌውም የመምህሩም ጉዳይ ነው።

1. ዘይት በሞተር ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ

የናፍጣ ሞተር ሲሊንደር የሚባል ወፍራም የብረት ቀፎ አለው፤ በውስጡም ፒስተን የሚባል ብረት ይወጣል፥ ይወርዳል። ፒስተኑ ሲወጣ አየሩን እጅግ ያምቀዋል፤ የታመቀውም አየር እንደ ፍም ይግላል፤ በዚያ ጊዜ ናፍጣ ሲረጭበት ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል፥ ፒስተኑንም ወደ ታች ይገፋዋል። ይህን ብልሃት ያገኘው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ አውግስቡርግ በተባለው ከተማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ሞተሩን በሚገባ ሠርቶ አሳየ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ቢየላ የሚባለው ክንድ ዋናውን ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉም በቺንጋ አማካይነት ወፍጮውን ያዞራል።

የዚህ ሥራ ብዛት በቍጥር ሲታይ ያስደንቃል። በእንግሊዝ አገር ዱርስሊ በተባለ ከተማ የነበረው የሊስተር ፋብሪካ የሠራው፥ በኋላም በህንድ አገር በአምሳያው እጅግ የተባዛው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር 6 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በደቂቃም 650 ጊዜ ይዞራል። ይህም ከሞተሮች ሁሉ በዝግታ ከሚዞሩት ወገን የሚቈጠር ነው። የሆነ ሆኖ በአንድ ሰዓት 39,000 ጊዜ፥ በ6 ሰዓት የሥራ ቀን 234,000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በዞረም ቍጥር ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል።

እንግዲህ ብረት ከብረት ጋራ ይህን ያህል ጊዜ ሲተላለፍ በአንድ ቀን ተፋትጎ የማያልቀው ስለ ምን ነው ቢሉ፥ በመካከሉ ዘይት ስላለ ነው። ዘይቱ ከራስ ጠጉር እጅግ የሚቀጥን ሽፋን ሆኖ ሁለቱን ብረት ይለያቸዋል። ሞተሩ በደኅና በሚሠራበት ጊዜ ዘንጉ የሚዞረው በብረት ላይ አይደለም፤ በዘይት ላይ ተንሳፎ ነው።

በብዙ የገጠር ስፍራ ሕዝቡ የሞተር ወፍጮን ባቡር ይለዋል። የባቡርም ታሪክ ስለ ዘይት የሚያስተምረው ነገር አለ። በቀድሞ ዘመን በአሜሪካ የእንፋሎት ባቡር በየጊዜው እየቆመ በሰው እጅ ዘይት ይቀባ ነበር። በዚያን ጊዜ ኤላይጃ ማኮይ የሚባል ጥቁር ሰው ነበረ፤ ወላጆቹ ከኬንታኪ ከባርነት አምልጠው ወደ ካናዳ የገቡ ናቸው። እርሱም ስኮትላንድ አገር ኤዲንብራ ከተማ ሄዶ የመሐንዲስነትን ትምህርት ተማረ፤ ነገር ግን ወደ አሜሪካ በመጣ ጊዜ በቆዳው ቀለም ምክንያት የመሐንዲስነት ሥራ ተከልክሎ በሚሺጋን የባቡር ኩባንያ እሳት አንዳጅና ዘይት ቀቢ ሆነ። ሰዎች እንደ ተናቀ ሥራ የሚያዩትን ይህን ሥራ እርሱ አልናቀውም፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ዘይትን በራሱ ወደሚያስፈልገው ስፍራ የሚያደርስ መሣሪያ አበጀ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. የመንግሥት የባለቤትነት ማረጋገጫ ተቀበለበት።

የዘይትን ኀይል በመለኪያ ያሳየው ደግሞ ቢቻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። እርሱ በ1883 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ባቡርን ለሚሸከም ዐይነት ዘንግ የሚሆነውን ማቀፊያ ሲመረምር፥ ዘይት ይገባበት ዘንድ በማቀፊያው አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። ዘንጉ በዞረ ጊዜ ግን ዘይቱ በመግባት ፈንታ በቀዳዳው ወደ ላይ ወጥቶ ፈሰሰ። ታወር ቀዳዳውን በእንጨት ውታፍ ደፈነው፤ ዘይቱ ውታፉን ገፍቶ አወጣው። ከዚህ በኋላ የግፊት መለኪያ ቢተክልበት፥ ዘይቱ የተጫነበትን ከባድ ሸክም ችሎ የሚያነሣ ግፊት እንዳለው ታወቀ። በ1886 ዓ.ም. ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለ ሊቅ ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ፤ ይኸውም የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጐተተ ወደ ጠባቡ ስፍራ ስለሚያስገባው በዚያ ግፊት እንደሚወለድ ነው።

ዘይት ከዚህ በቀር ሌላ አራት ሥራ አለው። ሙቀትን ከጋለው ስፍራ ተሸክሞ ያወጣል፤ ጥላሸትንና እድፍን እያጠበ በላዩ ይዞ ይቆያል፤ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፥ የታመቀው አየር እንዳያመልጥ፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል። እነዚህን አምስት ሥራዎች የሚሠራ አገልጋይ ይደክማል ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም።

2. ዘይት ስለሚደክምበት ምክንያት

ብዙ ሰው ዘይት ካልጎደለ አልተበላሸም ብሎ ያምናል። ስሕተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የዘይት መጠኑ ሌላ ነው፥ ጉልበቱ ሌላ ነው። ዘይቱ በመለኪያው ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱን የሚያሳጡትም ነገሮች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥላሸት ነው። ናፍጣ ሲነድ ጥላሸት ያወጣል፤ ከዚያም ጥቂቱ በፒስተኑ ጐን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ዘይት ሲግልና ከአየር ጋራ ሲደባለቅ ጠባዩ ይለወጣል፥ እየወፈረም ይሄዳል፤ ሙቀቱም 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቍጥር መበላሸቱ በግምት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ሦስተኛው አሲድ ነው። በናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል ብረትን የሚበላ አሲድ ይወልዳል። አራተኛው ውሃ ነው። ናፍጣ ሲነድ ተን ይወጣል፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ለጥቂት ጊዜ እየተነሣ የሚጠፋ እንደ ሆነ ይህ ተን በውስጡ ወደ ውሃነት ይመለሳል፥ ከዘይቱም ይቀላቀላል። አምስተኛው አቧራ ነው። የአሸዋ ደቃቅ ከማቀፊያው ብረት ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ፥ በዘይቱ ውስጥ ሲገባ እንደ ሞረድ ብረቱን ይግጠዋል። ስድስተኛው ናፍጣው ራሱ ነው፤ በሚገባ ሳይነድ ቀርቶ ወደ ዘይቱ ሲወርድ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ዘይት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህን ሁሉ አስቀድመው ስለሚያውቁ ልዩ ልዩ መድኃኒት ይጨምሩበታል። አንዱ መድኃኒት ጥላሸቱ እንዳይጓጉል በትኖ ይይዛል፤ ሁለተኛው አሲዱን ያከሽፋል፤ ሦስተኛው ዝገትን ይከለክላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሥራውን በሠራ መጠን ያልቃል። ባለቀም ጊዜ በዘይቱ ተበትኖ ይኖር የነበረው ጥላሸት ይሰበሰባል፥ ይወፍራል፥ እንደ ጠላ አተላም በሥሩ ይዘቅጣል። አተላው የዘይት መተላለፊያ የሆነውን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ፊልትሮ ያለው ሞተር እንኳ ከዚህ አይድንም፤ በብዙ ሞተር ፊልትሮው በእድፍ ሲደፈን፥ ብረቱ ያለ ዘይት እንዳይቀር አንዲት ማለፊያ ትከፈትና ያልተጣራው ዘይት ከነእድፉ ያልፋል።

በዚህ ስፍራ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፥ ዘይት መጨመር ዘይት መለወጥ አይደለም። ልብስ በታጠበበት እድፋም ውሃ ላይ አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ቢጨምሩበት ገበታው ይሞላል እንጂ ውሃው አይጠራም፤ በደከመ ዘይት ላይ አዲስ ዘይት መጨመርም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ፥ የዘይትን ድካም በመልኩ መፍረድ አይቻልም። የናፍጣ ሞተር ዘይት ተለውጦ ጥቂት ሰዓት እንደ ሠራ ይጠቁራል፤ መጥቆሩም ጥላሸቱን ይዞ ሥራውን መሥራቱን የሚያመለክት ነው እንጂ መበላሸቱን ብቻ አያሳይም። የ20 ሰዓት ዘይትና የ400 ሰዓት ዘይት ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ዐይን አይለያቸውም። እንግዲህ የሚለያቸው ምንድር ነው ቢሉ፥ የሠሩበት ሰዓት ቍጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሞተር የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከሞተሩ ጋራ በሚሰጡት መጽሐፍ ዘይቱ በስንት ሰዓት ሥራ እንዲለወጥ ይወስናሉ። ለወፍጮና ለውሃ መሳቢያ በሚሆኑ ትንንሽ ሞተሮች ይህ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ሰዓት ነው። አዲስ ሞተር ግን ብረቱ ገና እየተላመደ ደቃቅ ስለሚያራግፍ የመጀመሪያ ዘይቱ ከዚህ እጅግ ቀድሞ ይለወጣል። አቧራ በበዛበት ስፍራ የሚሠራም ሞተር እንዲሁ ቀድሞ ይለወጥለት ዘንድ ብዙ ፋብሪካዎች ያዝዛሉ፤ ወፍጮ ቤትም ያለ ጥርጥር የአቧራ ስፍራ ነው።

3. ጥፋቱ ስለሚመጣበት መንገድ

እንደዚህ ያለው ጥፋት በብዙ ስፍራ የሚደርስ ስለ ሆነ በምሳሌ ይነገር። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ወፍጮ ገዙ እንበል። አንድ ታማኝ ሽማግሌ ገንዘብ ያዥ ሆኑ፤ አንድ ጎበዝ ደግሞ ሞተሩን እንዲያንቀሳቅስ ተቀጠረ። የሞተሩ መጽሐፍ ዘይቱ በ200 ሰዓት እንዲለወጥ ያዝዛል፤ መጽሐፉ ግን በገንዘብ ያዡ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሞተሩ በቀን 6 ሰዓት፥ በሳምንት 6 ቀን፥ ማለት በሳምንት 36 ሰዓት ይሠራል። ዘይቱ በኅዳር መጨረሻ ተለወጠ።

በ5 ሳምንት 180 ሰዓት፥ በ6 ሳምንት 216 ሰዓት ሆነ። ስለዚህ በጥር መጀመሪያ መለወጥ ነበረበት። ጎበዙም ለሽማግሌው፥ «ጋሼ፥ ዘይት የምንለውጥበት ጊዜ የደረሰ ይመስለኛል» አላቸው። ሽማግሌውም መለኪያውን አስወጥተው ተመለከቱና፥ «ልጄ፥ ይኸው ሙሉ አይደለምን? ሞተሩስ እየፈጨ አይደለምን? የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ያለ ምክንያት አናባክን። ሲጎድል ጨምርበት» ብለው መለሱ። ይህን የተናገሩት ከክፋት ወይም ከንፉግነት አይደለም፤ የተሰጣቸውን አደራ ለመጠበቅ ብለው ነው። ነገር ግን ያዩት የዘይቱን መጠን ነው እንጂ የሰዓቱን ቍጥር አይደለም፤ ጎበዙም ቍጥሩን በጽሕፈት ስላልያዘ የሚያሳያቸው ነገር አልነበረውም።

ጥርና የካቲት አለፉ፤ ሞተሩም ይፈጭ ነበር። በመጋቢት ጢሱ ሰማያዊ እየሆነ መጣ፤ ዘይትም ቶሎ ቶሎ ይጎድል ጀመር። ይህ የሆነበት ምክንያት፥ በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው ቀለበቶች በደረቀ ጥላሸት ተጣብቀው ሲሊንደሩን መጥረግ ስላቃታቸው፥ ዘይቱ ወደ ላይ እያለፈ ከናፍጣው ጋራ ስለ ነደደ ነው። እሳቱም በፒስተኑ ጐን ወደ ታች እያለፈ ዘይቱን ይብሱን አቃጠለው። ጥዋት ጥዋት ሞተሩን ለማስነሣት ሁለት ሰው ያስፈልግ ጀመር። የሚጎድለው ዘይት በየሳምንቱ ስለሚጨመርበት መለኪያው ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፤ ሽማግሌውም በዚህ ይጽናኑ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው።

ሚያዝያ ገባ፤ ሰሙነ ሕማማት ሆነ። ለፋሲካ የሚሆን እህል ከየቤቱ መጥቶ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፈ። ዘይቱ ከተለወጠ 20 ሳምንት፥ ማለት 720 ሰዓት ሆኖታል። ማክሰኞ ዕለት ከሞተሩ ሆድ እንደ መዶሻ ያለ ድምፅ ተሰማ። ጎበዙ ሊያቆመው አሰበ፤ ነገር ግን ሰልፉን አይቶ፥ «ይህን ብቻ ፈጭቼ» አለ። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቆየ ሞተሩ ጮኸ፥ ጢስ ሞላው፥ ቀጥ ብሎም ቆመ። ከዚያ በኋላ መዞሪያውን አራት ጎልማሶች ቢይዙት እንኳ የማይነቃነቅ ሆነ።

ከከተማ መካኒክ ተጠርቶ በፈታው ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። በሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ በጥቁር አተላ ተሞልቷል፤ ዘይት ወደ ቢየላው ማቀፊያ የሚሄድባት ቀዳዳ ተደፍናለች፤ መካኒኮች ብሮንዚና የሚሉት የማቀፊያው ለስላሳ ብረት በሙቀት ቀልጦ ከዘንጉ ጋራ ተጣብቋል፤ ዘንጉ ተቦጫጭሯል፤ ሲሊንደሩም ከላይ እስከ ታች ተፍቋል። ዘንጉ ከተማ ሄዶ ሲሞረድ፥ ፒስተኑና ፋሻው ሲገዛ፥ ገንዘቡም ከሕዝብ እንደ ገና ሲዋጣ ብዙ ሳምንት አለፈ። ያ ፋሲካ በዚያ ቀበሌ በመጅ የተፈጨ ዱቄት የተበላበት ፋሲካ ሆነ። ከትምህርት ቤትም ሴቶች ልጆች አህያ እየነዱ ራቅ ወዳለው ወፍጮ ሲመላለሱ ትምህርታቸው ተቋረጠ።

በ720 ሰዓት ውስጥ ዘይቱ ሦስት ጊዜ ሊለወጥ ይገባ ነበር። የሦስት ጊዜ ዘይት ዋጋ ለማዳን ሲባል ሞተሩ ጠፋ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፥ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ በጥሪ የሚያሰማ መሆኑ ነው። 36ን በ6 ማባዛት የሚችል ልጅ በዚያ ነበረ፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

4. ዘይት ስለሚለወጥበት ሥርዓት

ዘይት መለወጥ ረቂቅ ጥበብ አይደለም፤ ሥርዓቱን ጠብቆ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይችለዋል።

1ኛ፤ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ሲሞቅ ይጠፋል። የሞቀ ዘይት ቀጭን ስለ ሆነ እድፉን ይዞ ይወጣልና። ነገር ግን እጅን እንዳያቃጥል ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ከሥር ሰፊ ዕቃ ተደርጎ የማፍሰሻው ቡሎን ይፈታል፤ ዘይቱም ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ይጠበቃል። የሚቸኩል ሰው አተላውን በውስጥ ያስቀራል።

3ኛ፤ ፊልትሮው የሚለወጥ እንደ ሆነ ይለወጣል፥ የሚታጠብ እንደ ሆነ ይታጠባል። የአየር ማጣሪያውም በዚያው ቀን ይጸዳል፤ አቧራ የሚገባው በእርሱ ነውና።

4ኛ፤ ቡሎኑ ተጠርጎ በሚገባ ይጠብቃል። አዲሱ ዘይት በንጹሕ ማንቆርቆሪያ እስከ መለኪያው ምልክት ድረስ ይሞላል፤ ከምልክቱም አያልፍም። ሲበዛ ዘንጉ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋም ብረትን መሸከም አይችልም።

5ኛ፤ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ያለ ሥራ ይነሣል፥ የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ ይታያል፥ ከጠፋም በኋላ መጠኑ እንደ ገና ይለካል።

6ኛ፤ ቀኑና የሞተሩ ሰዓት በመዝገብ ይጻፋል።

ዘይት ሲገዛ በጣሳው ላይ ያለውን ጽሕፈት ማንበብ ይገባል። 40 የሚለው ቍጥር ዘይቱ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል፤ 15 ደብልዩ 40 የተባለ እንደ ሆነ ደግሞ ፊተኛው ቍጥር በብርድ ጊዜ የሚፈስበትን ሁኔታ ይነግራል። ከዚህ ሌላ የአሜሪካ የነዳጅ ማኅበር ምልክት ያለበት ዘይት፥ በሲ ፊደል የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር፥ በኤስ ፊደል የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር የተሠራ ነው። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሞተሩ መጽሐፍ ይናገራል። ክዳኑ የተከፈተ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ዘይት በዋጋው ርካሽነት አይገዛ።

የወጣው አሮጌ ዘይት ወደ ወንዝ፥ ወደ ምንጭ ወይም ወደ እርሻ አይፈሰስ፤ ውሃንና መሬትን ያበላሻልና። ቆዳ ላይ ሲዘወተርም በሽታ ያመጣል፤ ስለዚህ በቁስል ላይም ሆነ በከብት ገላ ላይ መቀባት አይገባም። ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ፥ ከሕፃናትና ከእህል ርቆ ይቀመጥና አሮጌ ዘይት ለሚሰበስቡ ሰዎች ይሰጥ።

በሁለት ለውጥ መካከልም ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው በየጥዋቱ ዘይቱን ይለካ። ዘይቱ ወተት የመሰለ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ወይም ሳይጨመርበት መጠኑ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ናፍጣ ወርዶበታል፤ በጣት መካከል ሲታሽ የሚሻክር እንደ ሆነ አሸዋ ወይም የብረት ደቃቅ አለበት። ከእነዚህ አንዱ የታየ እንደ ሆነ ሰዓቱ ባይደርስም ይለወጣል፥ ምክንያቱም ይመረመራል። ሞተሩ የመዶሻ ድምፅ ያሰማ እንደ ሆነ ግን ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ያን ጊዜውኑ መቆም አለበት። በዚያ ሰዓት ያቆመውን ጎበዝ ማንም እንዳይወቅሰው ሽማግሌዎች አስቀድመው ለሕዝቡ ይንገሩ።

5. ስለ መዝገቡና ስለ ትምህርት ቤቱ

የዘይት ድካም በዐይን የማይታይና በቍጥር ብቻ የሚታወቅ ከሆነ፥ የሞተር ጠባቂ የሚሆነው ቍጥርን የሚጽፍ ሰው ነው። ስለዚህ በየወፍጮ ቤቱ አንድ ደብተር ይኑር። በደብተሩ ላይ አምስት ዐምድ ይሰመር፤ በመጀመሪያው ቀኑ፥ በሁለተኛው ሞተሩ የተነሣበት ሰዓት፥ በሦስተኛው የጠፋበት ሰዓት፥ በአራተኛው የዕለቱ ድምር፥ በአምስተኛው ዘይት ከተለወጠ ወዲህ ያለው ጠቅላላ ድምር ይጻፍ። ጠቅላላው ድምር መጽሐፉ ከወሰነው ቍጥር 20 ሰዓት ሲቀረው ለገንዘብ ያዡ ይነገር፤ ዘይቱ ተገዝቶ ይቆይ ዘንድ።

በቀን መቍጠር አይበቃምን ቢሉ፥ አይበቃም። ሞተሩ በሳምንት 36 ሰዓት ሲሠራ 200 ሰዓት የሚሞላው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። አዝመራ ሲገባ ወይም በዓል ሲቀርብ ግን በቀን 10 ሰዓት፥ ማለት በሳምንት 60 ሰዓት ቢሠራ፥ 200 ሰዓት የሚሞላው በ4ኛው ሳምንት ውስጥ ነው። ወር የሚቈጥር ሰው ሞተሩ እጅግ በሚደክምበት ወራት ይሳሳታል።

መምህር በዚህ ደብተር ሁለት ጥቅም ያገኛል። መደመርና ማባዛት የሚማሩ ልጆች በሳምንት አንድ ጊዜ ተራ በተራ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደው ድምሩን ቢመረምሩ፥ ሒሳብ ለምን እንደሚጠቅም በዐይናቸው ያያሉ፤ ሞተሩም ያለ ደመወዝ ተቈጣጣሪ ያገኛል። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ፊደል ያልቈጠረ እንደ ሆነ ልጆቹ ቍጥር ያስተምሩት፤ ነውር አይደለም። የሞተሩም መጽሐፍ ከሣጥን ወጥቶ፥ የሚያስፈልገው ገጽ በአማርኛ ተተርጕሞ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ለሽማግሌዎች የሚተርፈው ሥራ የገንዘቡ ነገር ነው። ዘይት የሚለወጥበት ቀን ሲደርስ ገንዘብ መፈለግ መዘግየትን ያመጣል። ስለዚህ ከየቀኑ ገቢ ጥቂት ለብቻው ይቀመጥ፤ በሌላ ምክንያትም አይነካ። ገንዘብ ያዡ ስለ አደራቸው በሚጠየቁበት ጊዜ ከቀሪው ገንዘብ ጋራ የዘይቱ ደብተር አብሮ ይታይ፤ ሞተሩም ራሱ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። በሣጥን ያለው ብር ሞልቶ ሞተሩ ቢጠፋ አደራው ተጠበቀ አይባልም።

ስለ ወፍጮ የተነገረው ሁሉ ለውሃ መሳቢያም፥ ለመብራት ሞተርም፥ ለመኪናም ይሆናል፤ ልዩነቱ መኪና በኪሎ ሜትር መቈጠሩ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለእነዚህ ሁሉ ያገለግላል። በዚህ ሳምንት መምህሩና ሽማግሌው አብረው ወደ ወፍጮ ቤት ይሂዱና ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው፥ «ዘይቱ ከተለወጠ ስንት ሰዓት ሆነው?» ብለው ይጠይቁ። ቍጥሩን ከደብተር አውጥቶ ቢያሳያቸው ያመስግኑት። መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን ዘይቱ ያን ዕለት ይለወጥ፥ የደብተሩም የመጀመሪያ መስመር ያን ዕለት ይጻፍ።